አድራሻ ያለው መድኃኒት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ አንድ አዲስ ነገር አውሪልን፤ ግን ሐኪም ላልሆነውም እንዲገባው አድርጊው» ብሎ 20 ደቂቃ ሰጥቶኛል። ከመካከላችን ኢንጂነሩም፣ የሕግ ባለሙያውም፣ ነጋዴውም ስላለ ትእዛዙ ልክ ነው። ሐኪም የሆናችሁ ደግሞ ነገሩን ሳቀለው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። በእኔና በምሳው መካከል ሌላ ተናጋሪ እንደሌለም አልረሳሁም።

የማወራችሁ ዲኤንኤን እንደ ክር አጣጥፎ ጥቃቅን ዕቃ ስለመሥራትና በዚያ ዕቃ መድኃኒት ጭኖ ወደ ጡት ካንሰር ሴል ስለማድረስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ምርምሩ የተሠራው እዚያው ማዶ ስለሆነ ቁጥሩንም እንዳለ ልተወው ብዬ ነው።

ለምን ይህን ርዕስ መረጥኩ? ሥራዬ የካንሰር ሕክምና ነው፤ ከማያቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፤ 670,000 የሚሆኑት በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችንም ከሴቶች ካንሰር በቁጥር ቀዳሚው እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ሁለተኛ ዙር ኬሞቴራፒያቸውን ሊወስዱ ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ዱባይ ያለች እህቱ በቴሌግራም የላከችለት ነው። በሥዕል የተሠራ ትንሽ ሮቦት በደም ሥር ውስጥ እየዋኘ ይሄድና የካንሰር ሴሉን ፈልጎ ያጠፋዋል። «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ? ያለበትን አገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ቤታችንን ሸጠን እንወስዳታለን» አለኝ። እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው «ቤቱማ አይሸጥም» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እውነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ከየሆስፒታሉ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ይህ ጥያቄ እናንተም በር ላይ ቆሟል፤ ካልደረሰም ይደርሳል። ስለዚህ ለእነሱ በ5 ደቂቃ የመለስኩትን ለእናንተ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መድኃኒቱ ኃይል አላነሰውም

ዶክሶሩቢሲን የሚባል መድኃኒት አለ። መሠረቱ የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ በካንሰር ሕክምና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሏል። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ስለሆነ የእኛ ክፍል ታካሚዎች «ቀዩ» ይሉታል። «ዛሬም ቀዩ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዎ» ማለት ሁልጊዜ ይከብደኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ናቸው። ዶክሶሩቢሲን በመሰላሉ መወጣጫዎች መካከል ሾልኮ ገብቶ ይሸጎጣል። ሴሉ ሊራባ ሲል የዲኤንኤውን ውል እየቆረጠ የሚፈታና መልሶ የሚቀጥል ቶፖአይሶሜሬዝ 2 የተባለ ኢንዛይም አለ፤ መድኃኒቱ ይህን ኢንዛይም ከቆረጠ በኋላ እንዳይቀጥል ያደርገዋል። ክሩ እንደተቆረጠ ይቀራል፤ ሴሉም ይሞታል። ኃይለኛ መድኃኒት ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በደም ሥር የሰጠነው ዶክሶሩቢሲን የካንሰሩን ሴል ከፀጉር ሥር ሴል፣ ከአፍና ከአንጀት ሽፋን፣ ደም ከሚሠራው መቅኔ አይለይም። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው፣ ነጭ የደም ሴል የሚወርደው ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራን ደግሞ ልብ ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ በሙሉ የምትወስደው መጠን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት ሲሰላ ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ካለፈ ልቧ የመድከም አደጋው በጣም ከፍ ይላል። በተለመደው አሰጣጥ በየዙሩ 60 ሚሊግራም፣ በ4 ዙር 240 ይደርሳል። ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ በእጃችን የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። መድኃኒቱ ገና እየሠራ፣ ልቧ ስለማይችለው ብቻ የምናቆምበት ቀን አለ።

አዲስ አበባ ላይ ዕቃ በሞተር የሚያደርሱልንን ልጆች ታውቃላችሁ። «የት ጋ ነሽ? ከሱቁ ጀርባ ነው ከመስጊዱ ፊት ለፊት?» እያለ ሦስቴ ይደውላል፤ ቢያንስ ግን ይደውላል። ዶክሶሩቢሲን አይደውልም። ያለ አድራሻ ተልኮ የየቤቱን በር እያንኳኳ፣ የከፈተለት ሁሉ ጋ ይገባል። እንግዲህ የሕክምናው ጥያቄ «እንዴት የበለጠ ኃይለኛ መድኃኒት እንሥራ?» ብቻ አይደለም፤ «ያለውን ኃይለኛ መድኃኒት እንዴት ትክክለኛው ቤት እናድርሰው?» ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ከተወሰደ ቆይቷል። በ1995 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዶክሶሩቢሲንን በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ውስጥ የያዘ መድኃኒት ፈቀደ። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀንሷል። ግን ከረጢቱ ራሱ አድራሻ አያውቅም፤ ከደም ሥሮች ቀዳዳ ሾልኮ ዕጢው ውስጥ ይቀራል ተብሎ ነው የሚጠበቀው።

ያለ ወስፌ የሚሰፋ ስፌት

አሁን ወደ ዲኤንኤ ልመልሳችሁ። በአንደኛ ዓመት «ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር» እያልን የሸመደድነውን ታስታውሳላችሁ አይደል? በሕይወት ውስጥ ዲኤንኤ መረጃ ተሸካሚ ነው፤ የዘር መጽሐፍ ነው። በ1982 ግን ናድሪያን ሲማን የተባለ አሜሪካዊ የክሪስታል ተመራማሪ መጽሐፉን ትቶ ክሩን አየ። ፊደሎቹ ማን ከማን ጋር እንደሚጣበቅ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ፣ በፈለግነው ቦታ የሚገናኝ ክር ጽፈን ዕቃ መሥራት እንችላለን አለ። ሐሳቡ የመጣለት በዩኒቨርሲቲው ግቢ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሠዓሊውን የኤሸርን አንድ ሥዕል ሲያስታውስ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ተማሪዎች፣ ይህን ለሌላ ነገር ማስረጃ እንዳታደርጉት!

በ2006 ደግሞ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራው ፖል ሮትመንድ ዘዴውን አቀለለው። ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ኤም13 ከተባለ ቫይረስ ባለ 7,249 ፊደል ነጠላ የዲኤንኤ ክር ወሰደ። በእሱ ላይ ከ200 በላይ አጫጭር ክሮች ጨመረ። እያንዳንዷ አጭር ክር የረጅሙን ክር ሁለትና ሦስት ቦታ ይዛ ወደ አንድ ትስበዋለች። ፈሳሹን እስከ 95 ዲግሪ አሙቆ ቀስ እያደረገ ሲያቀዘቅዘው ረጅሙ ክር በታሰበለት ቅርጽ ይታጠፋል። አራት ማዕዘን ሠራ፣ ኮከብ ሠራ፣ የሚስቅ ፊትም ሠራ። የፊቱ ስፋት 100 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ እንደሆነ አስቡ። በአንዲት ጠብታ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፊቶች ይስቃሉ። ዘዴውን በጃፓኖች የወረቀት ማጣጠፍ ጥበብ ስም የዲኤንኤ ኦሪጋሚ አሉት።

እኔ ግን ሳስበው ከወረቀት ይልቅ ስፌት ነው የሚመስለኝ። እናቶቻችን ሰፌድና መሶብ ሲሰፉ የውስጡን ሣር እያዞሩ በአለላ ይጠመጥሙታል፣ ያያይዙታል፤ ቅርጹ ከእጃቸው ይወጣል። እዚህም ረጅሙ ክር እንደ ውስጡ ሣር ነው፣ አጫጭሮቹ እንደ አለላው። ልዩነቱ እዚህ ወስፌም ሰፊም የለም። ስፌቱ ራሱን ይሰፋል። ሰው የሚሠራው የትኛዋ ክር የት እንደምትይዝ አስቀድሞ መጻፍ ብቻ ነው።

ለመድኃኒት ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስብ ከረጢት ስትሠሩ መጠኑ በአማካይ ነው የሚታወቀው። በዲኤንኤ ኦሪጋሚ ግን «እዚህ ነጥብ ላይ አንድ ቁልፍ፣ ከእሱ 10 ናኖሜትር ርቄ ሌላ ቁልፍ አስቀምጣለሁ» ማለት ይቻላል።

ጭነቱና መኪናው

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ላገናኛቸው። ዶክሶሩቢሲን የሚገድለው በዲኤንኤ መሰላል ውስጥ እየተሸጎጠ ነው ብያለሁ። እንግዲህ መኪናውን ራሱን ከዲኤንኤ ብንሠራው ጭነቱ በገዛ ፈቃዱ አይሳፈርም? ይሳፈራል! በኬሚካል ማጣበቅ እንኳ አያስፈልግም። መድኃኒቱን ከኦሪጋሚው ጋር በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ብታቆዩት በየመወጣጫዎቹ መካከል ይገባል፤ ለመግደል የሚጠቀምበት ጠባይ ለመጓዝ ያገለግለዋል። ከዚህ ሁሉ ምርምር ውስጥ እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው።

በ2012 ቤጂንግ የሚገኘው ብሔራዊ የናኖሳይንስና ቴክኖሎጂ ማዕከል ተመራማሪዎች ዶክሶሩቢሲንን በሦስት ማዕዘንና በቱቦ ቅርጽ ኦሪጋሚ ጭነው ኤምሲኤፍ-7 በተባሉ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ሞከሩት። ስለእነዚህ ሴሎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1970 በዲትሮይት ከተማ ከአንዲት በጡት ካንሰር ከታመሙ መነኩሲት ሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ውሃ የተወሰዱ ናቸው። ፊደሎቹ የሚሺጋን ካንሰር ፋውንዴሽን ማለት ነው፤ 7 ቁጥሯ ደግሞ የሙከራውን ተራ ታመለክታለች፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አልተሳኩም። መነኩሲቷ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሴሎቻቸው ግን እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየላቦራቶሪው እየተራቡ ለሌሎች ሴቶች ያገለግላሉ።

የቤጂንጎቹ ሙከራ ዋናው ነጥብ መድኃኒቱን በተላመዱ ሴሎች ላይ የታየው ነው። የካንሰር ሴል ዶክሶሩቢሲንን ሲለምድ የገባለትን መልሶ በፓምፕ ወደ ውጭ ይተፋዋል። በኦሪጋሚ ተጭኖ ሲገባ ግን በተላመደው ሴል ውስጥ የሚቀረው መጠን ጨመረ፤ ሴሉም ሞተ። በዚያው ዓመት በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የብዮርን ሆግበርግ ቡድን ሌላ ጥበብ አሳየ። የተፈጥሮ ዲኤንኤ አንድ ዙር የሚጠማዘዘው በ10.5 ፊደል ገደማ ነው፤ እነሱ ጥምዝምዙን ላላ አድርገው በ12 ፊደል አንድ ዙር የሚዞር ቱቦ ሠሩ። መሰላሉ ሲላላ ብዙ መድኃኒት ይይዛል፣ የያዘውንም ቀስ እያለ ይለቃል። መድኃኒቱ የሚለቀቅበትን ፍጥነት በንድፍ መወሰን ተቻለ ማለት ነው።

በ2014 የቤጂንጉ ማዕከል የሰው የጡት ካንሰር ወደ ተተከለባቸው አይጦች አለፈ። ከሞከሯቸው ቅርጾች ሦስት ማዕዘኑ ዕጢው ውስጥ በደንብ ተጠራቀመ፤ ዶክሶሩቢሲን ጭኖ ሲሰጥ የዕጢውን እድገት ገታ፣ በአይጦቹ ላይም የጎላ ጉዳት አልታየም።

በሩን ማን ይከፍታል?

እስከ አሁን ያወራነው ስለ መኪናው ነው። አድራሻውስ?

በ2012 በሃርቫርድ ሾን ዳግላስ፣ ኢዶ ባሼሌትና ጆርጅ ቸርች በርሜል የመሰለ የዲኤንኤ ዕቃ ሠሩ። በርሜሉ በሁለት መቆለፊያ የተዘጋ ነው። መቆለፊያው አፕታመር ከሚባሉ፣ አንድን ፕሮቲን ለይተው ከሚይዙ አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። ሁለቱም የሚጠብቁትን ፕሮቲን በሴሉ ገጽ ላይ ሲያገኙ ብቻ በርሜሉ ይከፈታል። ያ ሙከራ በብልቃጥ ውስጥ፣ በአብዛኛው በደም ካንሰር ሴሎች ላይ የተሠራ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሁሉም በር ከፈተ።

በ2018 የቻይናና የአሪዞና ተመራማሪዎች የዲኤንኤ ምንጣፍ ጠቅልለው በውስጡ ደም የሚያረጋውን ትሮምቢን አስቀመጡ። ጥቅሉ የሚፈታው በዕጢው የደም ሥሮች ላይ ኑክሊዮሊን የተባለውን ፕሮቲን ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ የዕጢው ደም ሥር ይደፈናል፤ ዕጢው ይራባል። የጡት ካንሰር የተተከለባቸውን ጨምሮ በአይጦች ላይ ዕጢውን አከሰመ፤ በአይጦችና በትናንሽ አሳማዎች ላይም በሌላ የሰውነት ክፍል ደም የማርጋት ምልክት አላሳየም። የታካሚዬ ልጅ ያሳየኝ ቪዲዮ ሥሩ ይህ ወይም ይህን የመሰለ ሥራ ይመስለኛል።

በ2024 ደግሞ የሆግበርግ ቡድን ከዶክሶሩቢሲን ወጥቶ ሌላ መንገድ ሞከረ። በሴሎች ገጽ ላይ «ሙት» የሚል ትእዛዝ የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። 6 ትናንሽ የፕሮቲን ቁርጥራጮች በስድስት ማዕዘን ተደርድረው ቢነኳቸው ትእዛዙ ይተላለፋል። ተመራማሪዎቹ ይህን ድርድር በዲኤንኤ ዕቃ ውስጥ ደበቁት። በደማችን መደበኛ የአሲድ መጠን፣ በ7.4 ፒኤች፣ ተደብቆ ይኖራል፤ ዕጢ አካባቢ እንደሚገኘው ወደ 6.5 ሲወርድ ግን ይገለጣል። የሰው የጡት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች የዕጢውን እድገት እስከ 70 ከመቶ ቀንሷል። እዚህ ላይ አድራሻው ፕሮቲን ሳይሆን የሰፈሩ ጠባይ ሆነ ማለት ነው።

ከአይጥ እስከ ሰው

አሁን ያንን ልጅ የመለስኩለት መልስ ላይ ደረስኩ። «ወንድሜ፣ ያየኸው ሥዕል ውሸት አይደለም፤ ግን ገና ለእናትህ አልተሠራም። ለጡት ካንሰር ታካሚ እንዲሰጥ የተፈቀደ የዲኤንኤ ኦሪጋሚ መድኃኒት በየትኛውም አገር የለም። ‹አለን፣ ብር አምጡ› የሚላችሁ ካለ ሽሹት። ቤታችሁን አትሽጡ። እናትህ አሁን የጀመሩት ሕክምና የተፈተነ ነው፤ የአንተ ሥራ ዙሩ እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው።» እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጣዮቹን ዙሮችም በቀናቸው መጥተው ወሰዱ።

ለምን እንደዘገየ ማወቅ ደግሞ ለእኛ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሰውነታችን እንግዳ ዲኤንኤ አይወድም። ደማችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ኦሪጋሚው ቅርጹን የሚጠብቀው ማግኒዥየም በበዛበት ፈሳሽ ነው፤ በደም ውስጥ ግን የማግኒዥየሙ መጠን ከዚያ ብዙ ያነሰ ነው። ለዚህም መላ እየተፈለገ ነው፤ በ2017 በሃርቫርድ ዊስ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች ኦሪጋሚውን ከላይዚንና ከፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተሠራ ካባ አልብሰው ዕድሜውን አራዝመዋል።

ሁለተኛ፣ በሽታ የመከላከል ሥርዓታችን አንዳንድ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎችን ሲያይ «ባክቴሪያ ገባ» ብሎ ይነሣል። ሦስተኛ፣ ጉበት የደም ዘበኛ ነው፤ ጥቃቅን ነገር ሲያልፍ ይይዛል። በ2016 አንድ የቶሮንቶ ቡድን በ10 ዓመት ውስጥ የታተሙትን የናኖ መድኃኒት ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ ከተወጋው ናኖ ቅንጣት በእንስሳቱ ዕጢ ውስጥ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 ከመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። ከ1,000 መልእክተኛ 7ቱ ደረሱ ማለት ነው። ናኖ የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር ይህን ቁጥር ማስታወስ ደግ ነው።

አራተኛ፣ መጠኑ። ለአይጥ የሚበቃውና ለሰው የሚያስፈልገው አይገናኝም። የሙኒኩ ሄንድሪክ ዲትስ ቡድን በ2017 ረጅሙንም አጫጭሮቹንም ክሮች በባክቴሪያ አማካይነት በገፍ ማምረት እንደሚቻል ስላሳየ ይህኛው እንቅፋት እየቀለለ ነው። አምስተኛውና ትልቁ ግን አይጥ ሰው አለመሆኗ ነው። አይጧ ላይ የተተከለው ዕጢ በሳምንታት ያድጋል፤ የታካሚዬ ዕጢ ግን ዓመታት ወስዶ፣ ዘመድ አዝማድ አፍርቶ፣ ምናልባትም አጥንትና ሳንባ ላይ ቤት ሠርቶ ነው የሚመጣው።

አድራሻውን የሚጽፈው

ታዲያ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ «ገና ነው፣ ጠብቁ» ለማለት ነው? አይደለም።

አድራሻ ያለው መድኃኒት ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው። ይህ ደግሞ ከናኖቴክኖሎጂ በፊት የመጣ እውነት ነው። ታሞክሲፈን በየቀኑ የምትዋጥ፣ ዋጋዋም የማይከብድ እንክብል ናት፤ አድራሻዋ የኢስትሮጅን ተቀባይ ነው። ተቀባዩ ያለው ዕጢ ላይ ሕይወት ታድናለች፤ በሌለው ላይ አትጠቅምም። ትራስቱዙማብ በ1998 ተፈቀደ፤ አድራሻው ሄር-2 ነው፤ ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ረከስ ያለውን ተመሳሳዩን ገምግሞ ብቁ ብሏል። እነዚህ ዛሬ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው።

አድራሻው የት ይጻፋል? ፓቶሎጂ ክፍል። ከጡቷ በመርፌ የተወሰደች የእህል ፍሬ የምታህል ሥጋ ተቆርጣ፣ ቀለም ገብቶላት፣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ። ይህ ምርመራ በሁሉም ሆስፒታሎቻችን የለም። ባለበትም ውጤቱ ያማረ የሚሆነው ናሙናዋ በክብር ከተያዘች ነው። ሥጋው ከተወሰደ በ1 ሰዓት ውስጥ በሚገባ የተዘጋጀ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። በጨው ውሃ ተነክሮ ወይም ያለ ፈሳሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን በአውቶቡስ የተጓዘ ናሙና አድራሻው ይጠፋል። ተቀባይ ያላት ሴት «የላትም» ትባላለች፤ የምትድንበትን እንክብል ሳታገኝ ትቀራለች። የሚያስቆጨኝ፣ ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ፎርማሊን፣ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀትና አንድ የሚያስብ ሰው መሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ዘመቻ ሦስት ግቦች አስቀምጧል። ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 ከመቶዎቹ በሽታው አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ እያለ ይታወቅ፤ አንዲት ሴት ወደ ጤና ተቋም ከመጣች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ይለቅ፤ ቢያንስ 80 ከመቶዎቹ ሕክምናቸውን ይጨርሱ። ከሦስቱ አንዱም ናኖሜትር አይጠይቅም። ነገር ግን ነገ የዲኤንኤው መድኃኒት ሲመጣ፣ በመጀመሪያ የሚደርሰው እነዚህን ሦስቱን ለሠራ አገር ነው። አድራሻ የማያውቅ አገር አድራሻ ያለውን መድኃኒት ቢገዛውም የሚሰጥለት አያገኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

በየክልሉ ሆስፒታል የምትሠሩ ቀዶ ሐኪሞችና ጠቅላላ ሐኪሞች፣ የናሙናችሁ ብልቃጥ ላይ የተወሰደበትንና ፎርማሊን የገባበትን ሰዓት ጻፉበት። ይህ ብቻ ብዙ ይለውጣል።

ከውጭ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ «ምን እንላክ?» ትሉናላችሁ። ትልልቅ መሣሪያ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። ብዙ ጊዜ የሚጎድለን የተቀባይ ምርመራ ማቅለሚያው ነው፤ ሳይቋረጥ መምጣቱ ነው። ፓቶሎጂስት የሆናችሁ ደግሞ ስላይድ በኢንተርኔት አይታችሁ ሁለተኛ አስተያየት ብትሰጡ የሰዓት ልዩነቱ ራሱ ይጠቅመናል፤ እኛ ተኝተን እናንተ ታነቡታላችሁ።

መምህሮቻችን፣ ለእናንተ ያለኝ ልመና ደፈር ያለ ነው። የዲኤንኤ ኦሪጋሚ ንድፍ የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው፤ ካድናኖ የሚባለው ፕሮግራም ከ2009 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው። ውድ የሆነው ላቦራቶሪው ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። የሕክምና፣ የኬሚስትሪና የኮምፒዩተር ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ሴሚስተር አንድ ቅርጽ ቢነድፉ ምን ይከለክላቸዋል? የእኛ ባች ሕክምና ሲማር ኬሚስትሪ ክፍልን የምናውቀው በካፌው ሰልፍ ላይ ነበር። ይህ መስክ ግን የክሪስታል ባለሙያውንም፣ የኮምፒዩተር ባለሙያውንም፣ ሐኪሙንም ይፈልጋል።

ተማሪዎች፣ የመጨረሻዋ ለእናንተ። ዛሬ አንደኛ ዓመት ያላችሁት ስፔሻላይዝ አድርጋችሁ ስትጨርሱ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በሰው ላይ የሚፈተኑበት ዘመን ላይ ትደርሳላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ በር ላይ ለሚጠብቃችሁ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ተስፋውን ሳያጋንን፣ ሳይቀንስም የሚነግረው ሐኪም ነው። «ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር» የምትለዋን ነገር ለፈተና ብቻ አትሸምድዷት፤ ሥራ ይዛ ትጠብቃችኋለች።

ለምሳ እንዳላዘገየኋችሁ ተስፋ በማድረግ ላብቃ። ለከርሞ በጤና ያገናኘን።